ዘጠኝ መውጫ ያለው አውቶቡስ፦ የካሮልተን አደጋ የጉዳይ ጥናት

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ አውቶቡሴን ከማንቀሳቀሴ በፊት መውጫዎቹን አንድ በአንድ እከፍታለሁ። የፊት በር፣ የኋላ በር፣ የጎን በር፣ አራት መስኮቶች፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ክዳኖች። ዘጠኝ ናቸው። የአደጋ ጊዜ መውጫው እጀታ ሲነሳ ይጮኻል። ካልጮኸ ያ አውቶቡስ ያን ቀን ልጅ አይጭንም።

ኬንታኪ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለመንዳት ስሰለጥን አሰልጣኛችን እጁን በኋላው በር ላይ አድርጎ “ለምን ዘጠኝ ሆኑ?” ብሎ ጠየቀን። ሌላ ክፍለ ግዛት ውስጥ ይህን ያህል አይጠየቅም። ከመካከላችን የመለሰ አልነበረም። እሱም አንድ የቦታ ስም ብቻ ተናግሮ ዝም አለ፤ ካሮልተን።

ከዚያ ወዲህ፣ ካሮልተን በምትባለው የኬንታኪ ከተማ አጠገብ የጠጣ ሹፌር ልጆች የጫነ አውቶቡስ ስለገጨበት ስለዚህ አደጋ የተጻፈ ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። በአማርኛ ለመጻፍ የተነሳሁት እዚህ አገር ታክሲ፣ ጭነት መኪናና አውቶቡስ እየነዳን የምናድር ብዙዎች ስለሆንን ነው። አገር ቤትም ሞተርና ባጃጅ የሚነዱ ወንድሞች አሉን። ጠጥቶ ማሽከርከር ያመጣውን ጉዳት ስንሰማ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ቁጥር ነው። እኔ አንዱን ሌሊት ብቻ ይዤ ከጠዋቱ እስከ ፍርዱ፣ ከፍርዱም እስከ ዛሬ ድረስ ልከተለው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 6

ራድክሊፍ ከሉዊቪል ወደ ደቡብ ሲሉ ፎርት ኖክስ ከሚባለው የጦር ሰፈር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ብዙ የወታደር ቤተሰብ ይኖርባታል። ግንቦት 6 ቀን 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1988፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ የከተማዋ አንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶቹን ኦሃዮ ውስጥ ወደሚገኘው ኪንግስ አይላንድ የመዝናኛ ስፍራ ሊወስድ ተነሳ። መንገዱ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጆቹ ጓደኞቻቸውን ጋብዘው ስለነበር ከታሰበው በላይ ሰው መጣ። ፓስተሩ ግን አውቶቡሱ ከሚፈቀድለት ከ66 ተሳፋሪ በላይ እንዳይጭን ከለከለ። ሹፌሩ የቤተ ክርስቲያኑ ረዳት አገልጋይ ነበር፤ መጠጥ የሚባል ነገር አልቀመሰም። ይህን የማነሳው በኋላ ለሚመጣው ስለሚያስፈልገን ነው። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሕጉ የሚጠይቀውን ያህል ተጠንቅቀው ነበር።

አውቶቡሱ ራሱ አሥር ዓመት ያህል የትምህርት ቤት ልጆችን ሲያመላልስ ኖሮ በኋላ ለቤተ ክርስቲያኑ የተሸጠ ፎርድ ነው። ሻንሲው፣ አካሉ የሚቀመጥበት የብረት መሠረት፣ የተሠራው በማርች 1977 ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳጅ ሳልባትዮ በግጭት ጊዜ እንዳይበሳ የሚያስገድደውን ደንብ በሥራ ላይ ያዋለው በዚያው ዓመት አፕሪል 1 ነው። ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ስለተሠራ ደንቡ አልደረሰበትም። ሳልባትዮው ከፊት በሩ ደረጃ ኋላ፣ ከሻንሲው ውጭ፣ ያለ ምንም መከላከያ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ ዋሉ። ማታ ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ ነዳጅ ማደያ ቆመው 60 ጋሎን የሚይዘውን ሳልባትዮ ሞሉት፤ ወደ 227 ሊትር መሆኑ ነው። ናፍታ አልነበረም፤ ቤንዚን ነበር። ከዚያ በኢንተርስቴት 71 ወደ ደቡብ ቀጠሉ። ብዙዎቹ በድካም እንቅልፍ ጀምሯቸው ነበር።

ለ5 ሰዓት 5 ጉዳይ

በዚያው ምሽት አንድ የ34 ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛ ጥቁር ቶዮታ ፒክ አፑን አስነስቶ እዚያው አውራ ጎዳና ላይ ወጣ። ስሙ በአደባባይ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን አልጽፈውም፤ ቅጣቱን ጨርሶ ወጥቷል። ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ተቀጥቷል። ወደ ሰሜን እየነዳ ነበር፤ የገባበት መንገድ ግን ወደ ደቡብ የሚወርዱት መኪኖች መንገድ ነው።

በእንዲህ ያለ አውራ ጎዳና ሁለቱ አቅጣጫዎች ተለያይተው ነው የሚሄዱት። ተሳስቶ የገባ ሰው ከፊቱ የሚመጣው መብራት ሁሉ ይነግረዋል። የመንገዱ ዳር መስመር ቀለም፣ ጀርባቸውን የሰጡት ምልክቶች፣ ሁሉም “ተመለስ” ይላሉ። ላልጠጣ ሰው ይህን አለማየት ይከብዳል። በ2012 የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እንዲህ ያሉ የተቃራኒ አቅጣጫ ግጭቶችን ሲመረምር ተሳስተው ከገቡት ሹፌሮች ከ10 ከ6 በላይ የሚሆኑት ጠጥተው እንደነበር አግኝቷል። መሳሳቱ ብቻውን ከዚህ አያደርስም። መሳሳቱን የሚያሳየውን ነገር ሁሉ ማየት እስኪያቅት ድረስ መጠጣት ነው የሚያደርሰው።

ካሮልተን አጠገብ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ቦታ፣ ከምሽቱ ለ5 ሰዓት 5 ጉዳይ ሲሆን ተገናኙ። የፒክ አፑ የፊት ቀኝ ማዕዘን የአውቶቡሱን የፊት ቀኝ ማዕዘን መታው። የአውቶቡሱ ባሌስትራ፣ እንደ ስፕሪንግ ክብደቱን የሚሸከመው ብረት፣ ከቦታው ተነቅሎ ወደ ኋላ ተገፋና ሳልባትዮውን ወጋው። አስፋልቱን እየፋቀ የሚሄደው ብረት ብልጭታ ተፋ፤ የፈሰሰው ቤንዚን ተያያዘ። የፊት በሩ ተጨማድዶ አልከፈት አለ፤ ቢከፈትም እሳቱ እዚያው ነበር። ሹፌሩ በትንሿ የእሳት ማጥፊያ ታገለ። እሱም አልተረፈም።

የቀረው አንድ መውጫ የኋላው በር ነው። ወንበሮቹ 11 ረድፍ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መተላለፊያ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሰፋል፤ የአንድ ትልቅ ሰው ትከሻ አያሳልፍም። በኋለኞቹ ረድፎች አጠገብ፣ መተላለፊያው ላይ፣ ለስላሳ መጠጥ የተያዘበት ትልቅ የበረዶ ሳጥን ተቀምጦ ነበር። የወንበሩ ስፖንጅ በደቂቃ ውስጥ ተቀጣጠለና ጥቁር መርዛማ ጭስ ሞላ። ከስልሳ በላይ ሰው በጨለማ፣ በጭስ፣ ወደ አንድ በር ሮጠ። አላፊ አግዳሚ መኪኖች ቆመው ሰዎቹ ከበሩ ላይ የተጣበቁትን ልጆች እየጎተቱ አወጡ። የተወሰኑት በመስኮት ዘለሉ። ከዚያ በኋላ መቅረብ አልተቻለም።

27 ሰዎች ሞቱ፤ 24ቱ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። 34 ቆሰሉ፤ ከነዚህ መካከል ዕድሜ ልክ የሚቆይ የቃጠሎ ጠባሳ የቀረባቸው አሉ። ምንም ሳይነካቸው የወጡት 6 ብቻ ነበሩ። ኬንታኪ በ1958ም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ወንዝ ገብቶባት በትክክል 27 ሰው አጥታ ነበር። ያ በመጠጥ አልነበረም። የሁለቱ አደጋዎች የሟች ቁጥር እኩል መሆኑ ግን የክፍለ ግዛቱን ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ያስደነግጣቸዋል።

ሳነበው መጽሐፉን አጥፌ ያስቀመጥኩበት አንድ ነገር አለ። ሬሳዎቹ ሲመረመሩ አጥንቱ የተሰበረ፣ በግጭቱ ብቻ ሊሞት የሚችል ጉዳት የደረሰበት አንድም ሰው አልተገኘም። ከሹፌሩ ጀምሮ ሁሉም ከግጭቱ በሕይወት ተርፈው ነበር። የገደላቸው ከግጭቱ በኋላ የመጣው ጭስና እሳት ነው።

2.4 ግራም

የፒክ አፑ ሹፌር ተጎድቶ ተረፈ። ስለ ግጭቱ ምንም እንደማያስታውስ ተናግሯል። ከአደጋው በኋላ የተወሰደው ደሙ ሲመረመር በአንድ ሊትር ደም 2.4 ግራም አልኮል ተገኘበት። በጊዜው የኬንታኪ ሕግ የሚፈቅደው ጣሪያ 1 ግራም ነበር።

2.4 ግራም ምን ማለት እንደሆነ በሰዓት ልቁጠረው። ጉበት አልኮልን ከደም የሚያጠራው በአማካይ በሰዓት 0.15 ግራም ያህል ነው። ቡና ቢጠጣ፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ቢታጠብ፣ ቁርጥ ቢበላ፣ ላብ እስኪወጣው ቢጨፍር ይህ ፍጥነት ብዙም አይለወጥም። እንግዲህ ያ ሰው ያን ሌሊት ምንም ሳይደርስበት ሄዶ አልጋው ላይ ቢወድቅ ኖሮ ደሙ ሙሉ በሙሉ የሚጠራው 16 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። “ተኝቼ ተነስቻለሁ፣ አልፎልኛል” ብሎ እሁድ ማለዳ መሪ ቢይዝ ያኔም ሰካራም ነበር። ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል ይህን ስነግራቸው የሚደነግጡት ብዙ ናቸው፤ የቅዳሜ ማታ ሰርግ ለእሁድ ማለዳ ሥራ ሊተርፍ እንደሚችል አስበውት አያውቁም።

አልኮል ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው እግርና ምላስን አይደለም። ፍርድ የሚሰጠውን የአእምሮ ክፍል ነው። ሰውየው ከመንገዳገዱ በፊት ስለ ራሱ መፍረድ ያቅተዋል፤ “ደህና ነኝ” የሚለውም ከልቡ ነው። ለዚህ ነው የጠጣን ሰው “መንዳት ትችላለህ?” ብሎ መጠየቅ ምንም የማይጠቅመው። ከዚያ ዓይን ይደክማል፤ ከፊት ያለውን እንጂ ከጎን የሚመጣውን አያይም። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መከታተል ይቀራል። ፍሬን ለመያዝም ይዘገያል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ይጓዛል፤ የግማሽ ሴኮንድ መዘግየት 14 ሜትር ነው፤ የኔ አውቶቡስ ርዝመት አካባቢ ማለት ነው።

ይህን በግምት ሳይሆን በልኬት ያሳየው ሰው ከኬንታኪ ማዶ፣ ከኢንዲያና የተነሳ ነው። ሮበርት ቦርከንስታይን የኢንዲያና ፖሊስ ባልደረባ ሳለ በ1954 የትንፋሽ መመርመሪያ መሣሪያ ሠራ። በ1962 እና 1963 ደግሞ ሚሺጋን ውስጥ ግራንድ ራፒድስ በምትባል ከተማ የተጋጩ ሹፌሮችን ትንፋሽ፣ ካልተጋጩ ግን በዚያው መንገድ ከሚያልፉ ሹፌሮች ትንፋሽ ጋር አነጻጸረ። የመጋጨት ዕድል ከመጠጡ ጋር እየተንደረደረ እንደሚወጣ የታየው ያኔ ነው። አሁን የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው በሊትር 0.8 ግራም ያለበት ሹፌር ካልጠጣው 4 እጥፍ ያህል ለግጭት የተጋለጠ ነው፤ 1.5 ግራም ሲደርስ ቢያንስ 12 እጥፍ ይሆናል። የካሮልተኑ ሰው ከዚያም እጅግ አልፎ ነበር።

እዚህ ላይ በየመሸታው የሚወራ አንድ ነገር ላንሳ። “ሰካራም አይጎዳም፤ ሰውነቱ ስለሚላላ መሬት ቢመታውም አይሰማውም” ይባላል። የካሮልተኑ ሰው መትረፉን እንደ ማስረጃ የሚጠቅስ ሰውም አጋጥሞኛል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በ1986 በኖርዝ ካሮላይና ከ1 ሚሊዮን በላይ የተጋጩ ሹፌሮችን መዝገብ ያገላበጡ ተመራማሪዎች፣ ግጭቱ እኩል ሆኖ ሳለ የጠጣው ካልጠጣው ይልቅ ክፉኛ የመጎዳትና የመሞት ዕድሉ የበለጠ መሆኑን አገኙ። አልኮል ያለበት ሰውነት የደረሰበትን ጉዳት የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ሆስፒታል ሲደርስም ሌላ አደጋ አለ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ የደነዘዘውን ሰው “ሰክሮ ነው፣ ይተኛ” ብለው ሊያልፉት ይችላሉ።

በሞተር ላይ ይህ ሁሉ ይከፋል። ሞተር የሚቆመው በሚዛን ነው፤ አልኮል ደግሞ ሚዛንን የሚነካው ሰውየው ሞቅታ እንኳ ሳይሰማው ጀምሮ ነው። መኪና የሚነዳ ሰው የሚሠራት ትንሽ ስህተት መስመር መሳት ሆና ልታልፍ ትችላለች፤ በሞተር ላይ መውደቅ ናት። በዙሪያው ብረት የለም፣ ቀበቶ የለም፤ ያለው የራስ ቁር ነው፣ የጠጣ ሰው ደግሞ ማድረጉንም ማሰሩንም ይረሳል። አሜሪካ ውስጥ ሰው በሞተባቸው ግጭቶች ከተሳተፉት አሽከርካሪዎች መካከል ጠጥተው የተገኙት ድርሻ ከመኪናም ከጭነት ተሽከርካሪም ይልቅ በሞተረኞች ላይ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። የጠጣ ሞተረኛ ብዙውን ጊዜ ራሱንና ከኋላው ያፈናጠጠውን ያጠፋል፤ የጠጣ የመኪና ሹፌር፣ እንደ ካሮልተኑ፣ ተርፎ ሌላውን ሊያጠፋ ይችላል።

ፍርዱና ከፍርዱ በኋላ

ዐቃቤ ሕግ በነፍስ ግድያ ከሰሰው። በ1989 መጨረሻ ዳኞቹ ግድያ አላሉትም። ሆን ተብሎ ከሚፈጸም ግድያ ዝቅ የሚል፣ በግዴለሽነት ሰው የመግደል ወንጀል በ27 ክስ ጥፋተኛ አሉት፤ በቆሰሉትና ለአደጋ በተጋለጡትም ላይ ሌሎች ክሶች ተጨመሩ። 16 ዓመት ተፈረደበት። በአመክሮ ቀድሞ መውጣት ሲቀርብለት አልቀበልም ብሎ፣ በመልካም ጠባይ ከተቀነሰለት በስተቀር ቅጣቱን ጨርሶ በ1999 ወጣ። 

ፍርዱ አንሷል የሚሉ አሉ፤ በዛ የሚሉም አልጠፉም። እኔ ስለ ፍርዱ ብዙ የምለው የለኝም። አመክሮውን እምቢ ማለቱን ግን ደጋግሜ አስባለሁ። ሳይጠጣ ለሚያውቁት ሰዎች ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ሰው ቢሆን ለእኛ ይቀለን ነበር፤ “እኔ እንደሱ አይደለሁም” ብለን እናርፍ ነበር።

ልጃቸውን ከቀበሩት እናቶች አንዷ ካሮሊን ነናሊ ናቸው። የ10 ዓመት ልጃቸው ከሟቾቹ ሁሉ ታናሽ ነበረች። ወይዘሮዋ በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወደተመሠረተው፣ ጠጥቶ ማሽከርከርን ወደሚቃወመው የእናቶች ማኅበር ገቡ፤ በኋላም የማኅበሩ ብሔራዊ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እሳቸውና ሌላ ቤተሰብ ጥፋቱ በሰካራሙ ላይ ብቻ አያበቃም፣ መከላከያ የሌለው ሳልባትዮም ጥያቄ አለበት ብለው አምራቾቹን ሞገቱ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የሰካራሙን ጥፋት ማቅለል ይመስለዋል። አይደለም። መንገድ ላይ ሁልጊዜ የሚሳሳት ሰው እንደሚኖር አውቀው፣ ስህተቱ ሕፃን እንዳይገድል አድርጋችሁ ሥሩ ማለታቸው ነው።

ያም ተሰማ። ኬንታኪ የትምህርት ቤት አውቶቡሶቿን ደንብ ለወጠች። ቤንዚን ቀርቶ ናፍታ ሆነ። ሳልባትዮው በብረት ማቀፊያ ታጠረ። የወንበሩ ልብስ ቶሎ እንዳይቀጣጠል ተደረገ። መውጫዎቹ ዘጠኝ ሆኑ። በየማለዳው ስከፍታቸው የማስበው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱን እጀታ ያስገጠመው እዚያ በር ላይ የተደራረቡት ልጆች ናቸው።

የአልኮል ጣሪያውም ወረደ። በ2000 ኬንታኪ ከ1 ግራም ወደ 0.8 ዝቅ አደረገች፤ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ክሊንተን በፈረሙት ሕግ 0.8 የአገሪቱ ሁሉ መለኪያ ሆነ። እንደ እኔ ያለ የንግድ ፈቃድ ይዞ ትልቅ መኪና የሚነዳ ሰው ጣሪያው 0.4 ነው። በ2013 የትራንስፖርት ደህንነት ቦርዱ ክፍለ ግዛቶቹ ሁሉ ወደ 0.5 እንዲወርዱ መከረ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። የሰማው ክፍለ ግዛት ዩታ ነው፤ በ2018 መጨረሻ ሕጉን ሥራ ላይ አዋለ፤ በቀጣዩ ዓመት ሰው የሚሞትባቸው ግጭቶች በተጓዙት ርቀት ሲሰሉ ከ2016ቱ ወደ 20 በመቶ ቀነሱ። ኬንታኪ እስካሁን 0.8 ላይ ናት። ይህ ያሳዝነኛል። አውቶቡሱን እንዲህ ያስተካከለ ክፍለ ግዛት ከፊቱ የሚመጣውን ሹፌር በተመለከተ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

እኛ ዘንድ

በአውቶቡስ ላይ በር መጨመር ይቻላል። የሰውየው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ሳለ፣ ገና መኪናው ጋ ሳይደርስ፣ ማን ምን ይጨምራል? እዚያ ቦታ ላይ ያለው ደንብ ወይም ፖሊስ አይደለም፤ አብሮት የጠጣው፣ የጋበዘው፣ ደጃፍ ድረስ የሸኘው ሰው ነው።

እኛ ስንጋብዝ እንዴት እንደምንጋብዝ እናውቃለን። “በሞቴ!” “አፈር ስሆን!” “እኔን ይፍጀኝ!” እየተባለ ብርጭቆ ይሞላል። ጠጁ በብርሌ ነው፣ ብርሌው ደግሞ ስንተኛው እንደሆነ አይቆጠርም። የቤት ጠጅ፣ ጠላና አረቄ ጥንካሬያቸው ከቤት ቤት ይለያያል፤ በቢራ ጠርሙስ ላይ እንዳለው የተጻፈ ልክ የላቸውም። “ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁ” የሚል ሰው ሁለት ምን እንደጠጣ አያውቅም። ባዶ ብርጭቆ ማሳየት ለባለቤቱ ነውር ነው፤ እምቢ ማለት ደግሞ ለእንግዳው። ከዚያ እኩለ ሌሊት ላይ ተቃቅፈን፣ ተሳስመን፣ “በሰላም ግቡ” ብለን በሩን እንዘጋለን።

ባለፈው ዓመት ሉዊቪል ውስጥ አንድ ክርስትና ላይ ነበርኩ። በነጋታው ሥራ ባይኖረኝም አልጠጣሁም፤ ልማዴ ሆኗል። ሁላችን የምናከብራቸው፣ ስንመጣ ቤታቸው ያሳደሩን፣ ሥራ ያስቀጠሩን አንድ አባት ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲጠጡ አምሽተዋል። አይንገዳገዱም፤ ንግግራቸውም አልተያዘም። ካፖርታቸውን ሲለብሱ ግን እጅጌውን ሦስት ጊዜ ሳቱት። ወደ መኪና ማቆሚያው ተከትያቸው ወጣሁ።

“ጋሼ፣ ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝና እኔ ላድርስዎት።”

“ምን ሆኜ? እኔ በዚህ መንገድ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ እኮ ልጄ።”

“አውቃለሁ ጋሼ። ዛሬን ብቻ ይፍቀዱልኝ።”

ፊታቸው ጠቆረ። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ዞር ዞር አሉ። ደፈርኳቸው ማለት ነበር፤ እሳቸውም እንደተደፈሩ ቆጥረውታል። አንድ ወጣት “ተዋቸው ባክህ፣ እሳቸው ይችላሉ” አለኝ። የምለው ጠፋኝ። ስለ ካሮልተን ልንገራቸው ብል የሚሰሙበት ሰዓት አልነበረም። ያን ጊዜ አፌ ላይ የመጣልኝ ማታውን ሙሉ ብርጭቋቸው ሲሞላ የሰማሁት ቃል ነው።

“በሞቴ ጋሼ።”

ዝም ብለው አዩኝ። “ለዚህ ደግሞ በሞቴ ይባላል?” አሉ።

“በሞቴ። አፈር ስሆን።”

እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቁልፉን አወጡ፤ መዳፌ ላይ አስቀመጡት እንጂ አልወረወሩትም። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቤታቸው ስንደርስ “ቁልፉ አንተ ዘንድ ይደር” ብለው ገቡ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ይዤላቸው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር።